የአየርላንዱን «ት» እንዴት እንጻፈው?

የእንግሊዝኛ የድምፅ ቅጂ እየሰማሁ በአይፒኤ (የየቋንቋውን ድምፅ መጻፊያ ዓለም አቀፍ ፊደል) ምልክት ስጽፍ አናባቢው ያደክመኛል፤ ራስ የሚያዞረኝ ግን ተነባቢው ነው። በተለይ ተናጋሪው የገጠር ወይም የሰፈር ሰው ከሆነ።

አንዳንዱ ለኛ ቀላል ነው። የስኮትላንዷ ግላስጎው ሰው ንግግሩን «ባክ» (back) ብሎ ሲጨርስ አንዳንዴ ቁልጭ ያለች «ቅ» ትወጣዋለች። ቅቤና ቅዳሜ ስንል የምንውል ሰዎች ስለሆንን ጆሯችን ወዲያው ይይዛታል። ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣን ለጓደኛዬ አንዱን ማዳመጫ ሰጠሁት፤ «ይሄ የአዘዞ ልጅ ነው እንዴ?» አለኝ። ከ«ኬ» ቀጥሎ ከላይ ጭረት ጣል ማድረግ ነው፣ አለቀ።

ሊቨርፑል ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ያው «ባክ» እነሱ ጋ ወደ «ባኽ» ይሄዳል። ይህም ለጎንደሬ ብርቅ አይደለም፣ የኛ ትልልቆች «ከዚህ»ን «ኸዚህ» ይሉት የለ? ችግሩ አንዱ ሰው ራሱ አንዴ «ክ»፣ አንዴ «ኽ»፣ አንዴ ሁለቱን አጣብቆ ይላል። አንድ ወጥ አድርገው የሚጽፉ አሉ፤ እኔ አልስማማም፣ ገጹ ቢዥጎረጎርም የተባለው ይጻፍ።

የለንደን ኮክኒ፣ ማለትም የምሥራቅ ለንደን የሠራተኛ ሰፈር ሰው፣ «ዎተር» ሲል «ት»ዋን ጉሮሮው ውስጥ ያስቀራታል። ለሷ ነጥብ የሌለው የጥያቄ ምልክት የሚመስል ፊደል አለላት፣ እንለፋት።

የባሰው የአየርላንድ «ት» ነው። «ሂት» (hit) ሲሉ መጨረሻ ላይ ምላስ ወደ «ት» ቦታ ትጠጋለች፣ ግን አትዘጋም፤ አየሩ ሾልኮ ያልፋል። ጀማሪ «ሂስ» ወይም «ሂሽ» ብሎ ይጽፋል፣ ሁለቱም አይደለም። «ስ» ስንል የምላስ መሃል እንደ ቦይ ጎድጎድ ይላል፤ እዚህ ጠፍጣፋ ስለሆነ ፉጨቱ ደከም ይላል፣ ለአየርላንዶቹ ደግሞ ሦስቱም የተለያዩ ድምፆች ናቸው። የአይፒኤ ማኅበር በፈረንጆቹ 1886 የተቋቋመ ነው፣ ለዚህች ድምፅ ግን እስካሁን ራሷን የቻለች ፊደል የላትም። አንዱ የግሪኳን ቴታ ከሥሯ ምልክት ጨምሮ ይጽፋል፣ ሌላው «ቲ»ን ከነምልክቷ። እኔ «ቲ»ዋን እመርጣለሁ፣ አንባቢው ቢያንስ ከየት እንደመጣች ያያል። ስጠራጠር ድምፅን በሥዕል በሚያሳየው በፕራት ሶፍትዌር ቃሉን ቆርጬ፣ ያው ሰው «ስ» ካለበት ቃል ጎን አስቀምጬ አያለሁ፤ «ስ»ዋ በሥዕሉ ላይ ከላይ በኩል ጠቁራ ትታያለች፣ ይህቺኛዋ ሳሳ ብላ ትበተናለች።