ሦስት ዓለማትን በአንድ ጠረጴዛ እንዴት አገናኘኋቸው

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች የፈጠረውን ገጸ ባህርይ ይዞ በምናብ ዓለም ውስጥ ጀብዱ የሚገባበትን የጠረጴዛ ጨዋታ፣ የምንጫወተው እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ሕጉን በእንግሊዝኛ እናነባለን፣ ጭቅጭቁን በአማርኛ እናስኬዳለን። ጨዋታውን የምመራው እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት የምናውቃቸው ሁለት ቡድኖች ተበተኑና የተረፉት ልጆች ወደኛ መጡ። ግን ባዶ እጃቸውን አልመጡም። አንዱ ለጨዋታው ከተዘጋጁት ምናባዊ ዓለማት በአንዱ፣ በግሬይሆክ፣ ለዓመታት ያሳደገውን ጠንቋይ ይዞ መጣ። አንዷ ከሌላው ዓለም ከድራጎንላንስ የአምላክ አገልጋይ ይዛ መጣች። እኛ ደግሞ በሦስተኛው፣ ፎርጎትን ሬልምስ ውስጥ ነበርን። ገጸ ባህርዩን ጥሎ ከዜሮ ልጀምር የሚል አልተገኘም። እኔም ብሆን አልልም።

ስለዚህ ዓለማቱን ማገናኘት ግድ ሆነ። ከዚያ በፊት ግን ቀደምቶቹ እንዴት እንዳደረጉት ለማየት የድሮ መጻሕፍቱን አገላበጥኩ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ለካ ነገሩ ከጅምሩም እንደኛው ነበር። ጨዋታው በ1974 ከመታተሙ በፊት ፈጣሪዎቹ ዴቭ አርነሰን ሚኒሶታ ውስጥ ብላክሙር የተባለውን ዓለም፣ ጋሪ ጋይጋክስ ዊስኮንሲን ውስጥ ግሬይሆክን ያጫውቱ ነበር። ተጫዋች ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ጀግናውም አብሮት ይሄዳል። በ1977 ጋይጋክስ ከዓለማቱ ውጪ ያሉትን የአማልክትና የአጋንንት ስፍራዎች በአንድ ሥርዓት ደርድሮ በዘ ድራጎን መጽሔት አወጣ። ያ ሥዕል በኋላ «ታላቁ መንኮራኩር» ተባለ። ከዚያ ድራጎንላንስ በ1984፣ ፎርጎትን ሬልምስ በ1987 ታተሙ። ዓለም በዓለም ላይ ተደራረበ።

ማገናኛ መንገድም ተፈለገ። በ1989 ጄፍ ግራብ ስፔልጃመር የተባለውን የጨዋታ ዓለም አመጣ፤ በአስማት የሚበር መርከብ ላይ ወጥተህ ከግሬይሆክ ወደ ድራጎንላንስ ትቀዝፋለህ። በ1994 ደግሞ ዴቪድ ኩክ ፕሌንስኬፕ የተባለውን ሠራ። መሃሉ ላይ ሲጊል የምትባል ከተማ አለች፤ እንደ ቀለበት የተጠቀለለች ስለሆነች ቀና ስትል ሰማይ ሳይሆን የሌላ ሰፈር ጣሪያ ነው የምታየው። እዚያ ማንኛውም በር፣ መስኮት ወይም ቅስት ወደ ሌላ ዓለም ሊያሻግር ይችላል። ቁልፉ ግን ብረት ላይሆን ይችላል። የሆነ ዕቃ፣ አንድ ቃል፣ ወይም ሐሳብ ሊሆን ይችላል።

እኔ የመረጥኩት በሩን ነው። መርከብ ከሰጠኋቸው የት እንደሚሄዱ የሚወስኑት እነሱ ናቸው፤ በየሳምንቱ አምስት ዓለም አዘጋጅቼ ልጠብቅ ማለት ነው። የሥራ ሰው ነኝ፣ አልችልም። በር ግን የት እንደሚከፈት የማውቀው እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው በር የአንድ መጠጥ ቤት የጓዳ በር ነበር። ቁልፉ የሽንኩርት ልጣጭ። ጠንቋዩ ዕዳውን ለመክፈል ጓዳ ገብቶ ሽንኩርት ሲልጥ ዋለ። ልጣጩ እጅጌው ላይ ተጣብቆ ሲወጣ ራሱን ክሪን ላይ አገኘው፣ የድራጎንላንስ ዓለም ላይ። ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ።

ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ቀጥሎ በመጣው ነገር ነው። ጠንቋዩ ራበውና እራት አዘዘ፣ ወርቅ አውጥቶ ቁጭ አደረገ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ወርቁን በጣቷ ገፋ አደረገችና «ብረት የለህም?» አለችው። ክሪን ላይ ከታላቁ ጥፋት ወዲህ መገበያያው የአረብ ብረት ሳንቲም ነው፤ ወርቅ ያን ያህል አይፈለግም። አያቶቻችን በአሞሌ ጨው ሲገበያዩ ስለነበር ማብራራት አላስፈለገኝም። ወዲያው ገባቸው። ጩቤውን ሸጦ እራቱን በላ።

ነጋዴ አይጠፋምና በማግስቱ ዕቅድ ወጣ፤ ከግሬይሆክ ሰይፍ በወርቅ ገዝተን ክሪን ላይ እንቸርችር ተባለ። አልከለከልኩም። በሩ የሚያሳልፈው ግን በእጅ የተያዘውን ብቻ ነው አልኩ። ሁለት ሰይፍ ይዘህ እለፍ፣ ጋሪ ግን አይገባም። የዓለማቱን ልዩነት ያቆየው ይሄ ጥበት ነው። ሰፊ በር ቢሆን ኖሮ በሦስት ሳምንት ሁሉም አንድ ገበያ ይሆኑ ነበር።

የአማልክቱ ጉዳይ ይከብዳል። በስፔልጃመር ሕግ አምላክህ የማይታወቅበት ዓለም ከገባህ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ ያለውን አስማት መልሰህ አታገኝም። ፕሌንስኬፕ ደግሞ ከአምላክህ ስፍራ በራቅህ ቁጥር ደረጃህን ይቀንሳል። ወረቀት ላይ ያምራል። ጠረጴዛ ላይ ግን አንዲት ልጅ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሌሎች ሲዋጉ እያየች ትቀመጣለች። ሁለቱንም ጣልኳቸው። በምትኩ ጸሎቷ ይሰማል፣ ግን ዘግይቶ፦ በአንድ ዙር የጠየቀችው በሚቀጥለው ይደርሳል። እሷም ወደደችው፤ ቀድማ ማሰብ ጀመረች።

የሰማዩ ካርታ ላይ ግን ጊዜ አላጠፋሁም። የጨዋታው ባለቤቶች ራሳቸው ስንቴ ቀያየሩት! በ2001 ፎርጎትን ሬልምስን ከመንኮራኩሩ ነቅለው የራሱን የዛፍ ቅርጽ ሰጡት። በ2008 ሁሉንም አፍርሰው አዲስ ሠሩ። በ2014 ወደ መንኮራኩሩ ተመለሱ። የኔ ተጫዋቾች ደግሞ ካርታውን ጠይቀውኝ አያውቁም። የሚጠይቁት ቀጣዩ ልጣጭ ምን እንደሆነ ነው።

አሁን የቀረን ክርክር ኤበሮን ነው። ኪት ቤከር የፈጠረው ይህ ዓለም በ2004 ሲወጣ ከዓለሙ ውጪ ያሉ የራሱ ስፍራዎች (ፕሌኖች) ነበሩት፣ አማልክቱም መኖራቸው በእርግጥ አይታወቅም። ጠንቋዩ በር እንድከፍትለት ይለምነኛል። የ2019ኙ መጽሐፍ ኤበሮን የመልቲቨርሱ፣ ማለትም የዓለማቱ ሁሉ ድምር፣ አካል ነው ይላል ብሎ ገጹን ከፍቶ ያሳየኛል። እኔ ደግሞ እዚያው ገጽ ላይ ከሌሎቹ ተከልሎ የተሠራ ነው የሚለውን አነብለታለሁ። ለጊዜው አልከፍትም፤ አማልክት መኖራቸው የሚያጠራጥርበት ዓለም ውስጥ አምላኳን በየቀኑ የምታነጋግር ልጅ ብትገባ የዚያ ዓለም ጣዕም ይጠፋል። እሱ ግን ኪሱ ውስጥ የሰበሰበውን ኮተት ይዞ በየበሩ ማለፉን አልተወም።