ከሲኒ ስብርባሪ የጀመርኩት ሞዛይክ

ጅማ ውስጥ ሞዛይክ፣ ማለትም ቁርጥራጭ ለጥፎ ሥዕል መሥራት፣ ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ቤት በሚሠራበት ሰፈር ሁሉ የሴራሚክ ቁርጥራጭ አይጠፋም። ፒንሳ፣ ነጩ የእንጨት ኮላ፣ ነጭ ሲሚንቶና ቁራጭ ጣውላ ካሉ ይበቃል። እኔን የማረከኝ ግን ሲኒ ነው። ቡና በቀን ሦስቴ በሚፈላበት ከተማ ሲኒ የማይሰበርበት ቤት የት አለ? ጎረቤቶቼ አሁን ስብርባሪውን በፌስታል ቋጥረው ያቀብሉኛል።

ሲኒውን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልዬ በመዶሻ መታ መታ አደርገዋለሁ። ጨርቁ ፍንጥርጣሪውን ይይዛል፤ መነጽር ግን አሁንም ግድ ነው። ከዚያ በፒንሳ ጫፍ ጫፉን እየነከስኩ ወደ ጥፍር መጠን አወርደዋለሁ። ሲኒ ክብ ስለሆነ ትልቁ ቁራጭ ጣውላ ላይ አይተኛም፣ ይወላገዳል። ሲያንስ ይቀመጣል፤ ትንሽ ጎበጥ ማለቱ ግን አይቀርም።

ይቺ ጉብታ መጀመሪያ አሳስባኝ ነበር። አሁን የምወደው እሷኑ ነው። ጣሊያን ራቬና ከተማ ውስጥ በ547 እ.ኤ.አ. የተመረቀ ሳን ቪታሌ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ግድግዳው በሞዛይክ የታወቀ ነው። የቢዛንታይን (የምሥራቅ ሮም መንግሥት) ባለሙያዎች ስስ ወርቅ በሁለት መስታወት መሀል ያስገቡና ቁርጥራጩን ሆን ብለው ዘንበል አድርገው ይተክሉት ነበር፣ ብርሃኑ በየአቅጣጫው እንዲመለስ። የኔም ሲኒዎች ጠዋት ፀሐይ ስታገኛቸው እንደዚያው ብልጭ ድርግም ይላሉ። ለጠረጴዛ ከሆነ ግን ለጥ ያለ ሴራሚክ ይሻላል፤ ብርጭቆ መቀመጥ አለበት።

የጀመርኩት በግድግዳ ጌጥ ነው፤ አንድ የቡና ቅርንጫፍ። ረከቦት ላይ ልሠራ አስቤ የሰፈራችን ሴራሚክ ሠራተኛ ከለከለኝ። «እህቴ፣ ይሄ ኮላ ውሃ ካየ አለቀለት» አለኝ። እውነቱን ነው። ውሃ ለሚነካውና ለደጅ የሴራሚክ ማጣበቂያ ሲሚንቶ ያስፈልጋል፤ በጅማ ዝናብማ የእንጨት ኮላ ወሬውም የለም።

ቅጠሎቹን ከአረንጓዴ ሴራሚክ ቆረጥኩ። የሲኒዎቹን አፍ የሚዞረውን ወርቃማ መስመር ለይቼ የቅጠሉ ደም ሥር አደረግሁት። ሳልለጥፍ በፊት ሁሉንም ደረደርኩ፤ በመሀላቸው ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ክፍተት ተውኩ። ጀርባውን የሚሞላው ነጭ ቁርጥራጭ የቅጠሉን ጠርዝ ተከትሎ ሲሰለፍ ቅርንጫፉ ነፋስ የነካው ይመስላል። ዝም ብሎ ከተበተነ ግን ሥዕሉ ይሞታል። ለእኔ የሞዛይክ ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው፤ አንዲት ቁራጭ ይዤ ቦታዋን እስካገኝላት ስንቴ እንደማዞራት!

ኮላው ሙሉ ቀን ይደርቃል፣ በክረምት ከዚያም በላይ። ከዚያ ነጭ ሲሚንቶውን እንደ ገንፎ አወፍሬ በክፍተቶቹ እሞላለሁ፣ በጓንት፤ ሲሚንቶ ቆዳ ይበላል። ትንሽ ጠጠር ሲል በእርጥብ ስፖንጅ፣ በኋላም በደረቅ ጨርቅ መወልወል ነው። ሲሚንቶውን ሳቦካ ጥቁር የቀለም ዱቄት ጣል አድርጌበት ግራጫ አደርገዋለሁ፤ ነጭ በነጭ ላይ ሲሆን የሲኒው ቅርፅ ይዋጣል።

አሁን የቀረኝ የቡናው ፍሬ ነው። ቀይ ሴራሚክ እንደ ልብ አይገኝም፣ የሲኒ ቀይ ደግሞ ቀጭን አበባ ብቻ ነው። ሕርማታ ገበያ ወርጄ ጠርዙ የተሸረፈ ቀይ ሳህን እፈልጋለሁ።