ከፋተፑር ሲክሪ እስከ ኹልዳባድ

ፋተፑር ሲክሪ ከአግራ ወደ ምዕራብ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሰናፍጭ ማሳ ቢጫ አበባውን ዘርግቷል። ከዚያ ኮረብታው ላይ ከእግር እስከ ራሱ በቀይ የአሸዋ ድንጋይ የታነፀ ከተማ ብቅ ይላል። ህንድን ይገዛ የነበረው የሙጋል ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት አክባር በ1571 አስጀመረው፤ በ1585 ወደ ላሆር ሄደና ዳግመኛ መናገሻው አላደረገውም። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ታጅ ማሐልን አይቻለሁ፤ የሚባልለት ሁሉ እውነት ነው። ስለ እሱ የተጻፈው ስለሚበቃ አልፈዋለሁ። እኔን ህንድ ድረስ ያመጣኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ከመካከለኛው እስያ የመጣ፣ በቋንቋም በሃይማኖትም ከአብዛኛው ሕዝብ የተለየ አንድ ቤተሰብ፣ ከ100 ሚሊዮን የማያንስ ሕዝብ የሚኖርበትን አገር ያን ያህል ዘመን እንዴት አድርጎ ያዘው? ደግሞስ የት ላይ አቃተው? ሁለተኛው ጥያቄ እኛን ሐበሾችን በቀጥታ ይነካል።

አገሩን የያዙት በባሩድ ነው። የአክባር አያት ዛሂሩዲን ባቡር በ1526 ፓኒፓት ላይ ሲዋጋ የነበረው ሠራዊት 12,000 ያህል ብቻ ነበር። ጋሪዎችን በጠፍር አያይዞ እንደ ቅጥር አቆማቸው፤ ከኋላቸው ነፍጠኞችንና መድፈኞችን አሰለፈ፤ ፈረሰኞቹን በሁለቱም ክንፍ አዙሮ በቁጥር እጅግ የሚበልጠውን የዴልሂውን ሱልጣን የኢብራሂም ሎዲን ጦር ከነዝሆኖቹ መሐል አስገባው። ዘዴው የኦቶማኖች ነው፤ በ1514 ቻልዲራን ላይ የፋርሱን ሻህ ኢስማኤልን የሰበሩበት። በ1542 የፖርቹጋሎቹ አዛዥ ክሪስቶፎ ዳ ጋማ ወፍላ ላይ ሲሸነፍ ከአሕመድ ግራኝ ጎን የቆሙት ነፍጠኞችም የመጡት ከዚያው ወገን ነው። ያ ዘመን የኛንም አገር ሳይነካ አላለፈም።

ባሩድ ብቻውን ግን አላዋጣም። የባቡር ልጅ ሁማዩን በ1540 በሼር ሻህ ተሸንፎ ወደ ፋርስ ተሰደደ። በ1555 ዙፋኑን መለሰ፤ በዓመቱ ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ። አክባር ሲነግሥ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። የቆየውን መንግሥት የሠራው እሱ ነው፤ የሠራበትም መንገድ በድንጋይ ተቀርጾ እዚሁ ፋተፑር ሲክሪ ቆሟል።

ከቤተ መንግሥቱ አደባባይ ዳር አንዲት ቤት አለች። ከውጭ ሲያዩዋት ባለ ሁለት ፎቅ ትመስላለች፤ ሲገቡ ግን አንድ ክፍል ናት። ከመሐሏ አንድ ምሰሶ ይነሳል። ወደ ላይ ሲሄድ የተጠረቡ ድጋፎች ጥቅጥቅ ብለው እየተደራረቡ ይሰፉና ክብ መድረክ ይሸከማሉ፤ ከመድረኩ ወደ አራቱ ማዕዘን ጠባብ ድልድዮች ተዘርግተዋል። ንጉሡ መሐል ተቀምጦ ሹማምንቱ በአራቱም ማዕዘን ይቆሙ ነበር ይላሉ አስጎብኚዎች። የታሪክ ሰዎች በዚህ አይስማሙም። እኔ ግን አንገቴን አቅንቼ ብዙ ቆየሁ፤ የአክባርን አገዛዝ ሥዕል አውጣ ቢሉኝ ከዚህ የተሻለ አላገኝም።

መኳንንቱን ሁሉ በቁጥር ደረጃ መደባቸው። መንሰብ ይባላል፤ ከ10 ይጀምርና ለመኳንንቱ እስከ 5,000፣ ኋላም ከዚያ በላይ ይደርሳል። ቁጥሩ የሰውየውን ማዕረግና ደመወዝ ይወስናል። ስንት ፈረሰኛ ይዞ መቅረብ እንዳለበትም ይወሰንለታል። ደመወዙ በአብዛኛው የሚከፈለው በጃጊር ነው። ይህን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስቸግርም፤ ጃጊር ጉልት ነው እንጂ ርስት አይደለም። ሹሙ ግብሩን ይበላል እንጂ መሬቱ የእሱ አይሆንም፤ ለልጁም አያወርሰውም። በየጥቂት ዓመቱ ደግሞ ወደ ሌላ አውራጃ ያዛውሩታል። ሹም ሽሩ ስለማያቋርጥ አንዱም መኰንን ባለበት ሥር ሰዶ የራሱን ጦርና ሕዝብ ሊያበጅ አይችልም። ለቆጠራ ቀን ፈረስ ተውሰው የሚቀርቡ ስለነበሩ ፈረሶቹ በጋለ ብረት እንዲተኮሱ፣ የፈረሰኛውም መልክ በመዝገብ እንዲጻፍ ተደረገ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከገበሬው ነው። ቶዳር ማል የሚባል ሒንዱ ሹም በ1580 የአሥር ዓመት ምርትና ዋጋ አማካይ አስወጥቶ ለየአካባቢው የግብር ልክ ቆረጠ፤ ከእህሉ አንድ ሦስተኛ ያህል፣ በገንዘብ ተተምኖ። ስለ ሙጋሎች ሲወራ አልማዝና ዝሆን ይነሳል። እኔ ግን ከመድፉም ከዝሆኑም ይልቅ የቶዳር ማል መዝገብ ያንን መንግሥት እንዳቆመው አምናለሁ።

አስጎብኚዬ ሽማግሌ ሰው ነበሩ። ወደ እልፍኙ ይዘውኝ ገቡና ምሰሶውን በእጃቸው እየዳሰሱ፣ «ልጄ፣ ይህን ደወልና ሰንሰለት ተመልከት። ይህ የቤተ መቅደስ ጌጥ ነው፤ የሒንዱ ጠራቢ እጅ ነው» አሉኝ። ድንጋዩ ላይ ከሰንሰለት የተንጠለጠለች ደወል አለች፤ ቀለበቶቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። አክባር በ1562 አምበር በምትባል ግዛት የነገሠውን የራጅፑት (የሒንዱ ተዋጊ መሳፍንት ወገን) ንጉሥ ልጅ አገባ፤ ከእሷ የተወለደው ጃሃንጊር ነገሠ። የወንድሟ ልጅ ማን ሲንግ እስከ 7,000 መንሰብ ደረሰ። ሙስሊም ባልሆኑት ላይ የተጣለውን ጂዝያ የሚባለውን ግብር አክባር በ1564 አነሳ።

ይህን ሁሉ እያደነቅሁ ቺቶርን መዝለል አልችልም። ያ የራጅፑት ምሽግ አልገብርም ሲል አክባር ከ1567 ጀምሮ ከበበው፤ በ1568 ሲሰብረው በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አስፈጀ። እጅ ለሰጠ ሹመት፣ ላልሰጠ ሰይፍ ነበር፤ ሁለቱን አንድ ላይ ካላዩ የአክባር ሥርዓት አይገባም።

ከአግራ በሌሊት ጉዞ ወደ ደቡብ፣ ወደ ደካን ወረድሁ። መልክአ ምድሩም ይለወጣል፤ ሜዳው አልቆ ጥቁር ድንጋይና ጠፍጣፋ አናት ያለው ተራራ ይመጣል፤ ወሎን ያስታውሳል። የደረስሁባት ከተማ አውራንጋባድ ናት። ከ2023 ጀምሮ በይፋ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ትባላለች። በ1610 የቆረቆራት ግን ሐበሻ ነው።

መሊክ አምበር በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ በልጅነቱ ተሸጠ። በባግዳድ በኩል ደካን ደረሰ፤ የገዛውም የአሕመድናጋር ሱልጣን ዋና ሹም ቻንጊዝ ካን፣ እሱም ራሱ ሐበሻ ነበር። ኦቶማኖች የክርስቲያን ልጆችን ወስደው የኒቸሪ እንዳደረጓቸው፣ የፋርሱ ሻህ አባስም ጆርጂያውያንን እንዳስታጠቀ፣ የደካን ሱልጣኖች ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጡ ሐበሾችን ወታደር አደረጉ። ዘመድ የሌለው ወታደር ከጌታው ሌላ ማንም የለውም ተብሎ ይታመን ነበርና። ሙጋሎች አሕመድናጋርን በ1600 ሲይዙ፣ አምበር የተበተነውን ፈረሰኛ ሰብስቦ ከንጉሣዊው ዘር አንዱን አነገሠና ራሱ እንደራሴ ሆነ። የደካን ተወላጅ ከሆኑት ከማራታ ፈረሰኞች ጋር ሆኖ ሌሊት እየመታ፣ ስንቅ እየቆረጠ፣ ተራራ ለተራራ እያዞረ በ1626 እስኪሞት ድረስ ሙጋሎችን አላሳለፋቸውም። ጃሃንጊር በጣም ከመብገኑ የተነሳ የአምበርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሠራ። የአምበርን ራስ ያገኘው ሥዕሉ ላይ ብቻ ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ የአምበር ዋና ምሽግ ዳውላታባድ አለ። ኮረብታው ዙሪያውን እንደ ግድግዳ ተፈልፍሏል፤ ከሥሩ ከአለት የተቆፈረ ጉድባ አለ። ወደ ላይ የሚያወጣው ብቸኛ መንገድ በአለቱ ሆድ ውስጥ የሚጠማዘዝ ጨለማ ዋሻ ነው። ገባሁ። የሌሊት ወፍ ሽታ ያፍናል፤ ደረጃዎቹ ቁመታቸው አንድ ዓይነት ስላልሆነ እግር በእያንዳንዱ እርምጃ ይስታል፤ ግድግዳውን ይዘው ሲሄዱ ድንገት ወደ ገደል የሚያወጣ መታጠፊያ ይገጥማል። በዚህ ውስጥ ጋሻና ጦር ይዞ መውጣት የማይታሰብ ነው። ምሽጉን በ1633 ለጃሃንጊር ልጅ ለሻህ ጃሃን ጦር ያስረከበው ግን የአምበር ልጅ ፋት ካን ነው፤ ከረዥም ከበባ በኋላ፣ ገንዘብ ተቀብሎ። አባቱን በጦር ያላሸነፉትን ልጁን በገንዘብና በጡረታ አገኙት። ይህን ዋሻው አፍ ላይ ተቀምጬ ሳስብ በጣም አዘንሁ።

ኹልዳባድ ላይ ሁለት መቃብር አለ፤ ለእኔ የጉዞው ሁሉ ልብ እዚህ ነው። የሻህ ጃሃን ልጅ ንጉሠ ነገሥት አውራንግዜብ በ1681 ወደ ደካን ወረደ፤ ከደካን ሱልጣኖች ግዛት ቢጃፑርን በ1686፣ ጎልኮንዳን በ1687 ያዘ። ግዛቱ እንደዚያ ሰፍቶ አያውቅም። ሥርዓቱ የተሰበረውም ያኔ ነው። የተሸነፉት የደካን መኳንንት ሁሉ መንሰብ ተሰጣቸው፤ የሚሰጣቸው ጃጊር ግን አልበቃም፤ ጦርነቱም መሬቱን ስላጠፋው ግብሩ አልገባም። ሹመት ያለው፣ ደመወዝ የሌለው መኰንን በዛ። ጂዝያንም በ1679 መልሶ ጥሎ ነበር፤ ከራጅፑቶቹም ብዙዎቹ ሸፈቱ። ማራታዎቹ ደግሞ በአምበር ሥር ከተዋጉት ፈረሰኞች ወገን ናቸው፤ የመሪያቸው የሺቫጂ አያት ማሎጂ ለዚያው ለአሕመድናጋር ያገለገለ ሰው ነው። ከተማዋ ዛሬ የተሰየመችለትን የሺቫጂን ልጅ ሳምባጂን አውራንግዜብ በ1689 ገደለው፤ ጦርነቱ ግን አልቆመም። አውራንግዜብ ዴልሂን ዳግመኛ ሳያይ በ1707 አሕመድናጋር ላይ በ88 ዓመቱ ሞተ።

መቃብሩ በአንድ መስጊድ ግቢ፣ ጣሪያ የሌለው የአፈር መደብ ነው፤ እንዲህ እንዲሆን ራሱ ተናዝዞ ነበር። የእብነ በረዱ ከለላ ኋላ በእንግሊዝ ዘመን የመጣ ነው። አምበር ደግሞ ከዚያ ወጣ ብሎ፣ ጉልላት ባለው የድንጋይ ቤት ውስጥ ተኝቷል። የባጃጅ ሾፌሩ ጠበቀኝና ስወጣ፣ «ወንድሜ፣ ከሐበሻ አገር ነህ?» ሲል ጠየቀኝ። አዎ አልሁት። «አያቴ ሲነግረን የከተማችንን ውኃ በመሬት ውስጥ ያመጣልን እሱ ነው» አለኝ፤ እውነቱን ነው፤ የአምበር ቦይ ከኮረብታው ሥር ውኃ ወደ ከተማዋ የሚያመጣ ነበር።

ወደ ኤሎራ ዋሻዎች የሚሄድ የአገሬ ሰው ሁሉ በኹልዳባድ በኩል ያልፋል፤ ከአውራንጋባድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሾፌሩን የመሊክ አምበር መቃብር ጋ አቁምልኝ ማለት ይበቃል።