ሕንጻን በድርና በማግ

የከተማ ሕንጻዎች የሚሸመኑበት የመታሰቢያ የአልጋ ልብስ ሲታሰብ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጻፈው የሕንጻዎቹ ዝርዝር ነው። እኔ ግን ከክሩ ቁጥር መጀመር ይሻላል እላለሁ። ይህንን ለማስረዳት ደግሞ የአሜሪካዋን ከተማ የፊላደልፊያን የአልጋ ልብስ ያህል የሚመቸኝ የለም።

አሜሪካ ነጻነቷን ያወጀችበትን 100ኛ ዓመት በ1876 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስታከብር፣ ፊላደልፊያ በፌርማውንት ፓርክ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አዘጋጀች። በዚያን ወቅት ከተሠሩት የመታሰቢያ የአልጋ ልብሶች አንዳንዶቹ መሐላቸው ላይ ሜሞሪያል ሆልን፣ የኤግዚቢሽኑን የሥነ ጥበብ አዳራሽ፣ ከነጉልላቱ ይዘዋል። ሕንጻው ዛሬም ቆሟል፤ ከ2008 ጀምሮ የልጆች ሙዚየም ሆኗል።

ሥዕሉ የሚወጣው የሊዮኑ ጆሴፍ ማሪ ጃካርድ በ1804 ባወጣው ዘዴ ነው። ድሩ በመንጠቆዎች ይነሳል፤ የትኛው መንጠቆ እንደሚነሳ የሚወስነው የተበሳ ካርድ ነው። ቀዳዳ ካለ ክሩ ይነሳል፣ ከሌለ ባለበት ይቀራል። ለአንድ የማግ ውርወራ አንድ ካርድ ያስፈልጋል፤ 400 ውርወራ የሚፈጅ ሥዕል 400 ካርድ በተራ ተሰፍቶለት ይንጠለጠላል።

መንጠቆ ለመቆጠብ ክሮቹ ብዙ ጊዜ ከመሐል ወደ ግራና ወደ ቀኝ በመስታወት መልክ ይታሰራሉ። ያን ጊዜ ግማሹን መሣል ይበቃል፤ ሌላውን ግማሽ ማሽኑ ይደግመዋል። ሜሞሪያል ሆል ለዚህ የተመቸ ነው፤ ጉልላቱ መሐል፣ ግራና ቀኙ እኩል። ግንቡ በአንድ ጎን ብቻ የሆነ ቤተ ክርስቲያን በዚህ አስተሳሰር ቢሠራ ግን ባለ ሁለት ግንብ ሆኖ ይወጣል። በአሮጌ የአልጋ ልብሶች ላይ የአንዱ ማዕዘን ጽሑፍ ተገልብጦ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጠባብ በሆነው የእጅ ማሽን የተሠሩት ደግሞ እንደ ጋቢ በሁለት ቁራጭ ተሸምነው መሐል ላይ የተሰፉ ናቸው፤ ስፌቱ ላይ የሥዕሉ ሁለት ግማሾች ካልገጠሙ አንደኛው ቁራጭ ላይ ማጉ ጠበቅ ብሎ ተመቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ጨርቁ በወርዱ በአንድ ሴንቲ ሜትር 10 የሥዕል ነጥብ (ነጥብ የምለው የሥዕሉን ትንሿን ካሬ ነው) ቢይዝ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ቦታ የተሰጠው ሕንጻ የሚደርሰው 300 ነጥብ ነው። ሜሞሪያል ሆል ርዝመቱ 111 ሜትር ገደማ ስለሆነ አንዷ ነጥብ 37 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ትሸፍናለች። ከዚያ የቀጠነ የድንጋይ ቅርጽ ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ፎቶውን እንዳለ ወደ ነጥብ መለወጥ ውጤቱ ብዥታ ነው። የመስኮቶቹን ክፍተት፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ያለውን ጥላና የጉልላቱን ዙሪያ ብቻ አውጥቶ፣ መስኮቶቹን ቁጥራቸውን ቀንሶ ወፈር አድርጎ በእጅ መሣል ይሻላል። ለጽሑፍም ቢያንስ 7 ነጥብ ቁመት ካልተተወ ፊደሉ አይነበብም።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው በልኩ ነው። ድሩ በሴንቲ ሜትር 10፣ ማጉ 8 ከሆነ፣ በእኩል ካሬ ወረቀት ላይ የተሣለ 100 በ100 ነጥብ ወርዱ 10፣ ቁመቱ 12 ተኩል ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ክብ ሰዓት እንቁላል ይመስላል፣ ግንብም ይረዝማል። መፍትሔው በዚያው መጠን የተመጠነ ወረቀት ላይ መሣል ነው። ቢሆንም ጥጥ ከማሽን ሲወርድና ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ በቁመቱና በወርዱ እኩል ስለማይሰበሰብ ትንሽ ናሙና ሠርቶ፣ አጥቦ፣ ከደረቀ በኋላ መለካት ግድ ነው። ናሙና የሚዘለለው ጊዜ ለማትረፍ ነው፤ የሚተርፍ ጊዜ ግን የለም።

ቀጥሎ የሚያስቸግረው ሰማዩ ነው። ከሕንጻው በላይ ያለው ባዶ ቦታ አንድ ቀለም ስለሆነ ክሩ ሳይታሰር ረጅም መንገድ ይዘላል፤ ቀለበትም ጥፍርም ይይዘዋል። በድርብ ጨርቅ ላይ ደግሞ ሁለቱ ንብርብር የሚገናኙት ቀለም በሚለዋወጥበት መስመር ብቻ ስለሆነ ሰፊው ሰማይ እንደ ኪስ ይነፋል። የድሮዎቹ ክፍት ቦታውን በኮከብ፣ በወፍና በቅጠል የሞሉት ለጌጥ ብቻ አይመስለኝም። ጨርቁን ያያይዝላቸዋል።

ጉድለት ሲገኝ አቅጣጫውን ማየት ነው። ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ከወረደ ድሩ ወይም መንጠቆው ላይ ነው። በወርድ ሄዶ ሥዕሉ በተደገመ ቁጥር ከተመለሰ ካርዱ ተሳስቷል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ከታየ ማጉ ተበጥሷል።

ዘጠኝ ሕንጻ በአንድ ልብስ ላይ ከመደርደር ሦስቱን መምረጥ የምመክረው በነጥቡ ምክንያት ነው። ዘጠኝ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ስማቸው ከሥራቸው ካልተጻፈ አይለዩም፤ ጽሑፉ ደግሞ የቀረውን ነጥብ ይበላል።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ከሆነ በላይኛው ጠርዝ ሙሉ ርዝመት ከኋላ ሰፊ ማስገቢያ ሰፍቶ በዘንግ መስቀል፤ በሁለት ጥግ ብቻ ከተያዘ መሐሉ ይረግባል፣ ሕንጻውም ይጎብጣል። ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ ማራቅ ያስፈልጋል። ሱፍ ያለበት ከሆነ ብል ይወደዋልና ሳይታጠፍ በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ በየጊዜውም ተዘርግቶ ይታይ።

የቀድሞዎቹ ሸማኔዎች ማዕዘኑ ላይ ስማቸውን፣ ቦታውንና ዓመቱን ይሸምኑ ነበር። በዛሬዎቹ ላይ ብዙ ጊዜ ያለው ከኋላ የሚሰፋው የአጠባበቅ ምልክት ብቻ ነው፤ እሱም ከጥቂት እጥበት በኋላ ይለቃል። 60 በ40 ነጥብ የሆነች ማዕዘን ለሦስት አጫጭር መስመሮች ትበቃለች፤ ሕንጻዎቹ ቦታውን ከመያዛቸው በፊት እሷን ለይቶ ማስቀመጥ ነው።