የቢሯችንን የዋይፋይ መዘግየት የቀነስሁት ፍጥነት በመግዛት አይደለም

የቪዲዮ ስብሰባችሁ ሲቆራረጥ «ባንድዊድዝ ጨምሩ» ብሎ የመከራችሁ ሰው ካለ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኛን ያስጠነቀቀን አልነበረም። ለመስመሩ እጥፍ ከፈልን፤ ድምፁ ግን እንደ ድሮው መቆረጡን አልተወም።

ቢሯችን አዲስ አበባ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከውጭ አገር ደንበኞች ጋር በኢንተርኔት እንነጋገራለን። መጀመሪያ ላፕቶፔን በኬብል አገናኝቼ ራውተሩን ራሱን ፒንግ አደረግሁ፣ ማለትም ትንሽ መልእክት ልኬ መልሱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ ለካሁ፤ መልሱ ከ1 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መጣ። ኬብሉን ነቅዬ በዋይፋይ ስሞክር መልሱ አንዴ በ5፣ አንዴ በ400 ሚሊ ሰከንድ ይመጣል፤ ራውተሩ ደግሞ ከፊቴ ነው። መዘግየቱ የሚፈጠረው ከሕንፃው ውጭ ሳይሆን እዚያው ክፍላችን አየር ላይ ነበር።

በአንድ ቻናል (መሣሪያዎቹ በሚጋሩት አንድ የሬዲዮ መስመር) ላይ በአንድ ጊዜ መላክ ያለበት አንድ መሣሪያ ብቻ ነው። ሌላው ያዳምጣል፣ ጸጥ ሲል በዕጣ የደረሰውን አጭር ጊዜ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይልካል። ደንቡ ለሁሉም ተመሳሳይ ተራ ይሰጣል እንጂ ተመሳሳይ ጊዜ አይሰጥም። በእድር ስብሰባ እያንዳንዱ አባል አንድ ጊዜ እንዲናገር ተፈቅዶ አንዱ ግማሽ ሰዓት ቢያወራ፣ ደንቡ አልተጣሰም፤ የቀሩት ግን እስኪጨርስ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። 1,500 ባይት ያለው ፓኬት (በአንድ ጊዜ የሚላክ የመረጃ ቁራጭ) በሰከንድ በ54 ሜጋ ቢት ሲላክ ሩብ ሚሊ ሰከንድ አይሞላም፤ በ1 ሜጋ ቢት ሲላክ 12 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ተመራማሪዎች ይህን ጉድለት በ2003 (እ.ኤ.አ.) 802.11ቢ በሚባለው የድሮ የዋይፋይ ዓይነት ላይ አሳይተውታል። የእኛ ረጅም ተናጋሪ ከሁለት ግድግዳ ጀርባ ሆኖ የሰነድ ፎቶዎችን ሲልክ የሚውለው የመጋዘኑ ኮምፒውተር ነበር።

እስካሁን የሚያበግነኝ ኔትወርኩን የዘረጋልን ድርጅት ነው። የላኩት ባለሙያ ራውተሩ ሥር ቆሞ በስልኩ ፍጥነት ለካና ትልቁን ቁጥር አሳየኝ፤ «መስመሩ ንጹሕ ነው» አለ። የፍጥነት መለኪያው በሰከንድ ስንት ቢት እንዳለፈ ይናገራል፤ አንዲት የድምፅ ፓኬት ተራዋን ስንት ጊዜ እንደጠበቀች አይናገርም። የፒንጉን ውጤት ሳሳየው «ፒንግ ለጨዋታ ተጫዋቾች ነው» ብሎ መለሰልኝ። ከዚያም ሪፒተር፣ ማለትም ሲግናሉን ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ መሣሪያ፣ ሸጠልን።

ሪፒተሩን የሰቀለው መጋዘኑ በር ላይ ነው። በኮምፒውተሩ ላይ የሲግናል ምልክቱ ሞላ፣ የመጋዘን ሠራተኛው ተደሰተ፣ የርክክብ ወረቀት ተፈረመ። ከሰዓት በኋላ ጥሪዎቻችን ከበፊቱ ባሰባቸው። እንዴት አይብስባቸው? ከሪፒተሩ እስከ ራውተሩ ያለው መንገድ ያው ደካማ መንገድ ነው፤ በዚያ ላይ ሪፒተሩ የተቀበለውን ሁሉ በዚያው ቻናል መልሶ ስለሚልክ እያንዳንዱ ፓኬት አየሩን ሁለት ጊዜ ይይዛል። ይህን ሳስረዳ ሁለተኛ ሪፒተር እንድንገዛ ሐሳብ ቀረበልኝ!

የራውተሩን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ጠየቅሁ። «ዋስትናው ይሰረዛል» አሉ። ደብዳቤ ጻፉ አሉ፤ ጻፍን። ማኅተም የለውም አሉ፤ አተምን። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን። ሥራ አስኪያጃችን ቀሪውን ክፍያ እንደያዙት ሲነግሯቸው ግን የይለፍ ቃሉ በማግስቱ መጣ። ሳየው መሣሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ራሱ ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ በመሣሪያው ጀርባ ላይ ተጽፎ ነበር።

የቀረው ሥራ ከደብዳቤው ያነሰ ጊዜ ወሰደ። ሪፒተሩን አንሥቼ ወደ መጋዘኑ ኬብል አስዘረጋሁ፤ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይህ ነው። ላፕቶፖቹን ወደ 5 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ አዛወርሁ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ 1፣ 2፣ 5.5 እና 11 ሜጋ ቢት የሚባሉትን የጥንት ፍጥነቶች ዘጋሁ። መመሪያው ለተኳኋኝነት ሲባል ክፍት ይሁኑ ይላል፤ አትስሙት። አንድ ያረጀ ማተሚያ ጠፋብን፤ እሱንም በኬብል አገናኘሁት። የማሰራጫ ኃይሉንም ቀነስሁ። ራውተሩ ቢጮህ ሩቅ ያለው ስልክ ይሰማዋል፤ ስልኩ ግን በዚያው ልክ መጮህ ስለማይችል በዝግታ እየላከ የሁሉንም ጊዜ ይበላል። አምስት የነበሩትን የዋይፋይ ስሞች ወደ ሁለት አወረድሁ፤ እያንዳንዱ ስም በሰከንድ ወደ 10 ጊዜ ገደማ «አለሁ» እያለ፣ ያውም በዝቅተኛው ፍጥነት፣ አየር ይወስዳል። ኤርታይም ፌርነስ የሚለውን ማስተካከያም አበራሁ፤ ተራን ሳይሆን ጊዜን የሚያካፍለው እሱ ነው። ራውተራችሁ ይህ ከሌለው፣ የሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ሥርዓት እምብርት) ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አቴሮስ ለሚባሉ አንዳንድ የዋይፋይ ቺፖች ስለያዘው፣ በሊኑክስ ላይ የተሠራውን ኦፕንደብሊውአርቲ የተባለ የራውተር ሶፍትዌር መጫን ይቻል እንደሆነ እዩ።

ደብሊውኤምኤም የሚለውን፣ ለድምፅና ለቪዲዮ ቅድሚያ የሚሰጠውን ማስተካከያ፣ አንዳንድ ባለሙያዎች ያጠፉታል። አታጥፉት፤ ሲጠፋ አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ወደ 54 ሜጋ ቢት ይወርዳሉ። ተአምርም አትጠብቁበት፤ ከኢንተርኔት የሚመጣው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የቅድሚያ ምልክቱን መንገድ ላይ ጥሎ ስለሚደርስ ከተራው ፋይል ጋር ይሰለፋል።

አሁን መጋዘኑ ፎቶ እየላከም ፒንጉ ከ20 ሚሊ ሰከንድ እምብዛም አያልፍም። የታችኛው ፎቅ ቢሮ ግን ቻናል 4 ላይ ተቀምጦ፣ ጎረቤት ቻናሎች ስለሚደራረቡ፣ 1ንም 6ንም ይረብሻል። ወደ 1 እንዲያዛውሩት ወርጄ ለመንኋቸው። የይለፍ ቃሉን የዘረጋላቸው ድርጅት እንደያዘው ነገሩኝ፤ ድርጅቱም ያው የእኛው ነው። ቀሪ ክፍያ ካለባቸው እንዳይከፍሉ መክሬአቸው ወጣሁ።