አቦል ጠጥቼ ልንዳ?

ጅማ ተቀምጦ ቡናን መተቸት ድፍረት ነው፤ ዛሬ ግን እደፍራለሁ። ቡና ስካርን አያበርድም። ካፌይን እንቅልፍ ያባርር እንደሆነ እንጂ አልኮልን ከደም አያወጣም። ያ የጉበት ሥራ ነው፤ ጉበት ደግሞ አይቸኩልም፤ አንድ ጠርሙስ ቢራ ብቻ ከሰዓት በላይ ይፈጅበታል።

ይህን የምለው ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ከዋልንበት የምርቃት ድግስ ስመለስ ነው። ጠጁን በብርሌ፣ ቢራውን በጠርሙስ ሲያፈራርቅ የዋለ ዘመዳችን የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ተነሣ። ታላቅ እህቴ በሩ ላይ ቆመችበት። «ምንም አልሆንኩም፣ አቦሉን ልጠጣና እሄዳለሁ» አላት፤ ከረከቦቱ ዙሪያ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ! እሷ ግን አልተከራከረችም። ቁልፉን ከእጁ ወስዳ ባጃጅ አስጠራችለት፤ አኩርፎ ሄደ።

ልክ ናት። አልኮል የሚያደበዝዘው እጅና ዓይንን ብቻ አይደለም፤ «መንዳት እችላለሁ ወይ?» ብሎ የሚመዝነውን አእምሮም ጭምር ነው። ጠጪን «ደህና ነህ?» ብሎ መጠየቅ ለተከሳሹ የዳኛውን ወንበር እንደመስጠት ነው። ይባስ ብሎ ሞቅታው ቀድሞ ይበርዳል፤ ሰውየው «አሁን ለቀቀኝ» የሚለው አልኮሉ ገና ከደሙ ሳይወጣ ነው። እስከ ሌሊት የጠጣ ሰው ጠዋትም ላይለቀው ይችላል።

ስለዚህ ውሳኔው ከመጀመሪያው ብርሌ በፊት ይሁን። በሚቀጥለው ሰርጋችን ቁልፍ የሚሰበሰበው በር ላይ ነው፤ ቅሬታ ያለው ለእህቴ ያቅርብ።