ግማሽ ቦታ በኤክስሙር

ለወፍ አደን ወደ ኤክስሙር፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ኮረብታማ ገጠር፣ ስሄድ ቲቨርተን ፓርክዌይ ጣቢያ የወረድኩት አርብ ማታ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ከለንደን ፓዲንግተን ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ስለ ባቡሩ ሌላ የምለው የለኝም። ታክሲው ግን አናደደኝ። በስልክ 45 ፓውንድ ያለኝ ሰውዬ ኤክስሙር ዳር ያለችው ዳልቨርተን ከተማ ስንደርስ 60 ነው አለኝ። ለምን ስለው «መሽቷል» አለ። ስንነጋገርም መሽቶ ነበር። ዝናቡ ይወርዳል፣ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ሰፈሩ ጭር ብሏል። ለክርክር የሚሆን ጉልበት አልነበረኝም፤ ከፈልኩ።

ያደርኩበት ማረፊያም አልካሰኝም። የክፍሉ ማሞቂያ አይሠራም። ተጨማሪ ብርድ ልብስ ስጠይቅ የለም ተባልኩ። ካፖርቴን ከላይ ደርቤ፣ ካልሲዬን ሳላወልቅ እንደተኩራመትኩ ነጋ። ቁርስ ደግሞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት አይቀርብም። እኔና ጓደኛዬ በሁለት ሰዓት ተኩል አደኑ የሚጀመርበት እርሻ ግቢ መገኘት አለብን። አንድ ሙዝ እንኳ ካለ ብዬ ብለምን ወጥ ቤቱ ተቆልፏል አሉኝ። እኔ ባደግኩበት ቤት እንግዳ በባዶ ሆዱ ብርድ ላይ አይወጣም። ሌላ ከጠፋ ቆሎ ኪሱ ይጨመርለታል።

ጓደኛዬ ግን በሰዓቱ ደረሰ። የሚኖረው ብሪስቶል ነው፤ ሌሊት ተነስቶ ነድቶ መጣ። መኪናው ውስጥ በፔርሙስ ሻይ፣ በሳህን ደግሞ ባለቤቱ የሠራችው ፍርፍር ነበር። «ብላ፤ ቀኑን ሙሉ ቆመን ነው የምንውለው» አለኝ። ገና አልሞቀኝም ነበር፤ ንዴቴ ግን እዚያው በረደ።

የመጣነው ፌዛንት ለማደን ነው። ፌዛንት ጅራተ ረጅም የሆነ፣ ከቆቅ ተለቅ ያለ ወፍ ነው። እንግሊዝ ውስጥ አደኑ የሚፈቀደው ከኦክቶበር 1 እስከ ፌብሩዋሪ 1 ነው። እሁድና በገና ቀን አይተኮስም። እኛ የሄድነው ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ቅዳሜ ስለሆነ ወቅቱ ሊያልቅ የቀሩት ቀናት ናቸው። በዚህ ዓይነቱ አደን አዳኙ ወፍ ፍለጋ አይዞርም፤ ወፉ ወደ እሱ እንዲበር ይደረጋል። ሸለቆው ሥር ቁጥር የተጻፈባቸው ችካሎች ተራርቀው ይተከላሉ። በየችካሉ አንድ ተኳሽ ይቆማል፤ ብዙውን ጊዜ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰው ነው። አስነሺዎቹ ዱላና ባንዲራ ይዘው፣ ውሻ አስከትለው፣ ጫካውን በአንድ መስመር እያሰሱ ይመጣሉ። ወፎቹ ፊት ፊታቸውን ይሮጡና ዳር ሲደርሱ ይነሳሉ። ይህ አንድ ዙር ይባላል። ኤክስሙር ላይ ዳገቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ ከላይ የተነሳ ወፍ ከሥር ለቆመው ሰው ሰማይ ላይ ነው የሚያልፈው። አካባቢው በአዳኞች ዘንድ ስሙ የገነነው በዚህ ነው። የተወደደውም በዚህ ነው።

ሒሳቡ በወፍ ነው። የእኛ ቀን 120 ወፍ ተብሎ የተሸጠ ሲሆን አንዱ ወደ 46 ፓውንድ ይመጣል። ለስምንት ሲካፈል ለአንድ ሰው 690 ፓውንድ ነው። የእኔ ደመወዝ ይህን አይችልም። ግማሽ ቦታ የሚባለው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ጓደኛሞች አንድ ችካል ይጋራሉ፣ ገንዘቡንም እኩል ያዋጣሉ። በአንዱ ዙር አንዱ ይተኩሳል፣ ሌላው አጠገቡ ይቆማል፤ በሚቀጥለው ይቀያየራሉ። ጠመንጃችንም አንድ ነበር፣ የጓደኛዬ ባለ ሁለት አፈሙዝ። የፖሊስ ፈቃድ ሁለታችንም አለን። የእኔን ለማግኘት ሐኪም ስለ ጤናዬ ጽፏል፣ ፖሊስ ቤቴ ድረስ መጥቶ አነጋግሮኛል። ይህ ጥብቅነት ደስ ይለኛል። በየሰው እጅ ጠመንጃ ያለበት ማለዳ ላይ ስትቆም ዋጋው ይገባሃል።

ግቢው ውስጥ ሁሉም ክራቫት አድርጓል። ጭቃ ሊረግጥ፣ ዝናብ ሊመታው፣ የሱፍ ኮትና ክራቫት። እኔ ይህንን ወደድኩት። ክት ልብስ ለብሶ ወደ ሥራ መሄድ ለተጋበዝክበት ቤትም፣ ነፍሱን ለምታጠፋው ወፍም ክብር መስጠት ነው። እኔም የጓደኛዬን ኮት ተውሼ ነበር፤ ትከሻው ላይ ትንሽ ሰፋኝ።

ከዚያ ዕጣ ወጣ። ከቆዳ ማኅደር ውስጥ ቁጥር ያላቸው ትንንሽ እንጨቶች ይመዘዛሉ። እኛ 3 ደረሰን። በየዙሩ ሁለት ቁጥር ወደ ላይ ይኬዳል፤ ስለዚህ 3፣ 5፣ 7፣ ከዚያ ችካሉ ስምንት ስለሆነ ተመልሶ 1። መሐል ያሉት ችካሎች ብዙውን ጊዜ ብዙ ወፍ ያያሉ። የአደኑ ኃላፊ መመሪያውን ሰጠ። መሬት ላይ ወዳለ እንስሳ አይተኮስም። ከወፉ ጀርባ ሰማይ ካላያችሁ አትተኩሱ፤ ጫካው ውስጥ ሰው አለ። ጥሩምባ ሲነፋ ይጀመራል፤ እንደገና ሲነፋ ወደ ፊት መተኮስ ይቆማል። ጥይቱም እርሳስ የሌለበት እንዲሆን አስቀድመው አሳውቀውን ነበር፤ ሥጋውን የሚገዛቸው ነጋዴ እርሳስ ያለበት አልቀበልም ብሏል።

የመጀመሪያው ዙር የጓደኛዬ ነበር። እኔ ከኋላው አንድ እርምጃ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ሳልተኩስ መቆም የሚከብደኝ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም የቀኑ ምርጥ ሰዓት ያ ሆነልኝ። የሚተኩስ ሰው አንዲት የሰማይ ቁራጭ ነው የሚያየው። የቆመው ሁሉን ያያል። መጀመሪያ ትንንሾቹ የጫካ ወፎች ወጡ። ቀጥሎ አንድ ሚዳቋ የመሰለች አጋዘን በእኛና በጎረቤታችን መሐል ሾልካ አለፈች፤ ማንም አልነካትም። ከላይ የአስነሺዎቹ ዱላ ግንድ ሲመታ ይሰማል። ቀስ ያለ፣ የማይጣደፍ ድምፅ ነው፤ ከጎረቤት ቡና ሲወቀጥ እንደሚሰማው።

ከዚያ አንድ ወንድ ፌዛንት ዳሩ ላይ ተነሳ። ክንፉን እያራገበ ወደ ላይ ወጣ፣ ዘረጋው፣ ቁልቁለቱን ይዞ መጣ። ደረቱ የናስ ቀለም አለው፣ ጭንቅላቱ አረንጓዴ፣ ዓይኑ ዙሪያ ደማቅ ቀይ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት። «ከረጅሙ ዛፍ በላይ፣ ያንተ ነው» አልኩ። ጓደኛዬ እግሩን አዙሮ ጠመንጃውን አነሳ፤ ወፉ አየር ላይ ክንፉን ሰበሰበና ከኋላችን ሣሩ ላይ ወደቀ። በራሴ ተኩስ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጓደኛዬ ያደገው አርሲ ነው፤ አባቱ ቆቅና ጅግራ ያድኑ ነበር። ትከሻው ላይ ያለው እርጋታ የተማረው አይመስልም፣ የወረሰው ነው የሚመስለው።

ሁለተኛው ዙር የእኔ፣ ያውም 5 ቁጥር ላይ። ወፉ መጣ፣ ብዙ መጣ። የጠመንጃው ሰደፍ ለእኔ ትንሽ ይረዝማል። ጓደኛዬ ከኋላ ሆኖ በዝቅተኛ ድምፅ ይመራኛል። «እሱን ተወው፣ ዝቅ ብሏል። ከኋላው ያለውን። አትቸኩል።» ያለፈው አለፈ፣ የወደቀው ወደቀ። ዙሩ ሲያልቅ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገና ጠመንጃውን ተቀብሎ ከፍቶ ማኅደሩ ውስጥ ከተተው። ብቻዬን ቆሜ ቢሆን ኖሮ ያችን ሰዓት ለማን እንደምነግራት አላውቅም።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሾርባና በቋሊማ የተሞላ ትኩስ ዳቦ መጣ። እዚያ ነው ስለ 1913 የተወራው። በዚያ ዓመት ዲሴምበር 18 ቀን ሆል ባርን በተባለ ርስት ላይ፣ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ባሉበት፣ በአንድ ቀን 3,937 ፌዛንት ተገድሏል። ንጉሡ ሲመለሱ ዛሬስ ሳናበዛው አልቀረንም ብለው ለልጃቸው እንደነገሩት ይወራል። በእኔ እምነት አብዝተውታል። ወፎቹ እንደ ዛሬው ሁሉ ያኔም ከጫጩትነታቸው ጀምሮ በሰው እጅ ያደጉ ናቸው። በጋውን በስንዴ አሳድገህ ለቀህ በክረምት የምታድነው ወፍ የምትበላው ካልሆነ፣ እኔ በበኩሌ ምክንያቱ አይታየኝም። 120 ወፍ ለስምንት ችካል፣ ሁሉም ወደ ሰው ማዕድ የሚሄድ ከሆነ፣ እቀበለዋለሁ። ከዚያ በላይ ቢጋብዙኝ አልሄድም።

ሦስተኛው ዙር ላይ ደሜ ፈላ። ከቀኛችን የቆመው ሰው ቀጥታ ወደ ጓደኛዬ የሚመጡትን ወፎች እየቀደመ ይተኩሳል። አንድ ጊዜ ቢሆን ግድ የለም። ደጋገመው። እዚህ አገር ይህ ትልቅ ነውር ነው፤ በጎረቤት ችካል ላይ የሚያልፍ ወፍ የጎረቤት ነው። እኔ ሄጄ ልናገረው ነበር። ጓደኛዬ ክንዴን ያዘኝ። «ተወው። ወፉ ላይ ስሜ አልተጻፈም። አንተ ብቻ ከግራ የሚመጣውን ንገረኝ።» ንዴቴ ግን ምሳ ድረስ አልወጣልኝም። ያናደደኝ ገንዘቡ አይደለም፤ የጓደኛዬ ተራ መሆኑ ነበር።

ዙሩ እንዳለቀ ነው እኔ የማልረሳው ነገር የሆነው። ከተኳሾቹ ኋላ የወደቀውን ወፍ በውሻ የሚያስለቅሙ ሰዎች አሉ። በእኛ በኩል የነበሩት ሽበታቸው ከባርኔጣቸው ሥር የሚታይ አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው። ጥቁርና ነጭ ስፓኒየል ውሻ አላቸው፣ ሆዱ ድረስ ጭቃ የሆነ። ውሻው እሾህ ውስጥ ገባና ክንፏ የተሰበረ ግን በሕይወት ያለች ሴት ፌዛንት በአፉ ይዞ ወጣ። ላባዋን እንኳ አላበላሸም። ሴትየዋ ተቀብለው በፍጥነት ሊገላግሏት ሲሉ ጓደኛዬ ጠጋ ብሎ፣ በእኛ እምነት በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ እንደማይበላ ነገራቸው። እኔው እንዳርዳት ይፈቅዱልኛል ወይ አላቸው። ወፏን ሰጡት። «ቶሎ ብቻ አድርገው» አሉ።

ጓደኛዬ ባርኔጣውን አወለቀ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» ብሎ በኪሱ ቢላ አረዳት። ከትንፋሽ ያነሰ ጊዜ ነው የፈጀው። ሴትየዋም ዝም ብለው ቆመው ነበር። ከዚያ ወፏን ከሌሎቹ ለይተው በሰማያዊ ሲባጎ አስረው «ይህቺ የእናንተ ናት፤ ማንም እንዳይወስድባችሁ» አሉን። ማታም ራሳቸው ፈልገው አምጥተው ሰጡን። ቀኑን ሙሉ ስሜን ያልጠየቁኝ ሰው ናቸው፤ ሃይማኖቴን ግን እንዲህ አከበሩልኝ።

አራተኛውን ዙር የተኮስኩት እኔ ነኝ፤ ዳር ላይ ስለነበርን ጥቂት ብቻ ነው የመጣው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አለቀ። ቆጠራው 117 ሆነ። ወፎቹ ወንድና ሴት እየሆኑ ጥንድ ጥንድ ተሰቀሉ። ለአደኑ ኃላፊ ጉርሻ የሚሰጠው ሲጨባበጡ እጅ ውስጥ ታጥፎ ነው፤ እኛም ሃያ ሃያ ፓውንዳችንን አንድ ላይ አድርገን ሰጠን። ለእያንዳንዱ ችካል አንድ ጥንድ ይታደላል። የእኛን ከግማሹ በላይ ጭቃ ለነበረ አንድ ወጣት አስነሺ ሰጠነው፤ ለአያቱ እንደሚወስደው ነገረን። የቀረው ለነጋዴው ተጫነ። እኛ ባለ ሰማያዊ ሲባጎዋን ይዘን ወደ ብሪስቶል ተነሳን።

እዚህ አገር ፌዛንትን ከነላባው ለቀናት ሰቅለው ያቆዩታል፤ ሥጋው ይለሰልሳል ብለው። እኛ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሠራናት። ጓደኛዬ ነጨ፣ እኔ ሽንኩርት ከተፍኩ፣ ባለቤቱ ሁለታችንንም እየተቆጣጠረች ምድጃው ላይ ቆመች። ሥጋው ደረቅ ነው፣ ስብ የለውም። ቅቤው በርከት፣ እሳቱ ዝግ ማለት አለበት። ጭኑ ጠንከር ይላል፤ ፈረሰኛው ግን ግሩም ነበር። አንዲት ወፍ ለአምስት ሰው አትበቃም፤ እንቁላል ጨመርንበት፣ በቃ።

ለሚቀጥለው ጥር ቀብድ ከፍለናል። ጓደኛዬ ሲደውል አንድ ሰው ስለቀረ ሙሉ ሙሉ ቦታ መያዝ ትችላላችሁ አሉት። ደውሎ ምን እንበል አለኝ። ግማሹን በልልን አልኩት።